የሽንኩርት ህዋስ

በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ተገፍቼ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮው ተበስቶ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው ለዝናቡ ብቻ እንዳልተቀመጠ ሽታው ነገረኝ። ቦንጋ ላይ ዝናብ ቶሎ አይለቅም፤ ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ አረንጓዴ ሆኗል። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን ተነጥፏል፤ ካርቶኑ ላይ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ከኋላዬ በሩ ተቆለፈ።

«በስመ አብ! አሁን ደግሞ አያት ማሰር ጀመሩ?» አለች ቀና ያለችው።

«ያሰሩት አፌን ነው» አልኳት። «እግሬ ተከትሎት መጣ።»

እውነቴን ነው። ጠዋት በቀበሌያችን ስብሰባ ተጠርተን፣ ከላይ የመጡ ሰዎች ከማንኪራ በላይ ያለው ጫካ ለባለሀብት ሊሰጥ መሆኑን እንደ ምሥራች ነገሩን። ጫካው ባለቤት የለውም አሉ። እኛ ዘንድ ኮቦ የሚባል አለ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ተከፋፍሎ የመጣ የጫካ ድርሻ ነው፤ ቀፎ ይሰቀልበታል፣ ቡና ይለቀምበታል። አጥር የለውም እንጂ የማን ድርሻ የት ላይ እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው የለም። እጄን አወጣሁ። ዕድል ነፈጉኝ። ሳይሰጡኝ ተነሣሁና «ባለቤት የለውም ያልከው አንተ፣ ባሌ ቀፎ ሲሰቅል ወድቆ የሞተው ታዲያ በማን ጫካ ነው?» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ጥፋቴ ጭብጨባው ነው። ባያጨበጭቡ ኖሮ አንዲት አሮጊት ለፈለፈች ተብሎ ይታለፍ ነበር። «ስብሰባ በማወክና ሕዝብ በማነሣሣት» ብለው በመኪና ወደ ከተማ አመጡኝ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ልጅ ገና ተማሪ ስለሆነች ነው።

ቀና ብላ ያናገረችኝ የሺሺንዳ ሴት ናት፣ ኮረሪማ ነጋዴ። ድምፅዋ ገበያ ለገበያ የሰፋ ነው። ግብረ ኃይል ነኝ ያለ ሰው መንገድ ዘግተሻል ብሎ ኮረሪማዋን በጫማው ሲበትንባት፣ በጆንያ ፊቱን አቅምሳዋለች።

«ባዶ ጆንያ ነበር እትዬ» አለችኝ፤ «ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በነፍስ ግድያ ነበርኩ።»

«ይቺስ?» አልኳት በዓይኔ ወደ ግድግዳው እያሳየሁ። «ጸሎት ላይ ናት?»

«እኔም ጸሎት መስሎኝ ከኋላዋ አሜን አሜን ስል ነበር። ለካ ትምህርት ነው!»

ልጅቷ ዞረች። ቀጭን ናት፤ ሹራቧን እስከ አገጯ ዘግታዋለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባ ግን የለበትም።

«ይቅርታ እማማ፣ ረበሽኩዎት?»

«አልረበሽሽኝም። ምንድነው የምትደግሚው?»

«ባዮሎጂ ነው። የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ነገ ጠዋት የመጨረሻው ፈተና አለብን።»

«ባዮሎጂ ያሳስራል እንዴ? በምን ያዙሽ?»

ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በህዋስ።»

ክው አልኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ። እኛ ቀበሌ ሴቶችን በህዋስ በህዋስ ከፋፍለው ለፓርቲ የሚሰበስቡበት ጊዜ ነበር። የህዋስ ስብሰባ፣ የህዋስ መሪ፣ የህዋስ ግምገማ። እኔ ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው እንቅልፉን ነው። ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ቃሉም አብሮ ከፋ፤ ሬዲዮው «ህዋስ» ካለ ቀጥሎ የሚመጣው «ተደመሰሰ» ነው። በዚህ ቃል የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሰምቻለሁ።

«የማን ህዋስ?» አልኳት። «የየትኛው ድርጅት?»

«የሽንኩርት» አለችኝ።

ነጋዴዋ ጭኗን መታች። «ይኸው! ሽንኩርትም ፓርቲ አቋቋመ። በዚህ ውድነቱ ምን ያንሰዋል!»

ልጅቷ አልሳቀችም። እንዲገባን ብላ ቀስ እያለች አስረዳችን። ላብራቶሪ ገብተው የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ማይክሮስኮፕ በሚባል ማጉያ አይተዋል። ልጣጩ በዓይን ሲያዩት እንደ ላስቲክ ነው፤ በማጉያው ሲያዩት ግን ክፍል ክፍል ያለው ነው፣ ጡብ ተደርድሮ እንደተሠራ ግንብ። እያንዳንዱ ክፍል ሕይወት አለው። ሴል የሚሉት እሱን ነው፤ በአማርኛ ህዋስ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከህዋስ ነው የተሠራው፤ ሽንኩርቱም፣ ዝንጀሮውም፣ እኛም።

«ትምህርቱ የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው እማማ። በእንግሊዝኛ ብቻ ስናነበው አይገባንም። ስለዚህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በኪራይ ቤታችን ሆነን ወደ አማርኛ እየመለስን እናጠናለን። አስረጂዋ እኔ ነበርኩ። ግድግዳው ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው።»

«ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ?»

«አንድ ተከራይ አለ። ምን እንደሚሠራ አናውቅም ነበር።»

«ምን ሰማ?»

ዓይኗን ጨፍና እንደ ውዳሴ በቃሏ አለችው። «ህዋስ ሁሉ ከእሱ በፊት ከነበረ ህዋስ ይወለዳል። አንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። መቆጣጠሪያው ከተበላሸ ያለ ልክ ይራባል፣ መላ አካሉን ይወርራል።»

ነጋዴዋም ዞራ በሩን አየች።

«ጣቢያ ስደርስ ቃሌን የተቀበለው ፖሊስ የህዋሱ መሪ ማነው አለኝ» አለች ልጅቷ። «እኔ እንዲገባው ብዬ፣ ህዋስን የሚመራው ኒውክለስ ነው አልኩት። የት ነው ያለው አለኝ። መሃል ላይ ነው አልኩት። መሃል አገር ብሎ ጻፈው።»

ነጋዴዋ ካርቶኑ ላይ ተንከባለለች። «ኒውክለስ! መሃል አገር! ወይኔ፣ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ እየፈለጉት ነው! የዘንድሮ ሳቄን ጨረስሽው!» እኔም አፌ ሊከዳኝ ነበር። የልጅቷን እጅ ሳየው ተውኩት። የሹራቧን ጫፍ ክር በክር ፈትታ ጨርሳዋለች።

«ጓደኞችሽስ?»

«የዚያኑ ዕለት ለቀቋቸው። የምታስረዳው እሷ ናት ሲባል እኔ መሪ ሆንኩ። እማማ፣ ነገ ካልተፈተንኩ ኤፍ ነው የሚሰጡኝ። ዓመቴ ሄደ ማለት ነው። ዓመቱ ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም።»

አገሯ በዋጫ በኩል ነው። አባቷ የለም። ታላቅ ወንድሟ ትምህርቱን አቋርጦ እርሻውን ይዟል፤ እሷ ስትጨርስ እሱ ሊቀጥል ተባብለው ነው። እሷ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ስትቀር እሱም አንድ ዓመት ይቀራል። ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። 

እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የማውቀው ጥቂት ነው። ግን ስህተትና በደል አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ይሄ ስህተት ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ያልተማረ ፖሊስ ቃል ተምታቶበታል፤ የተማረ ሰው ሲነግሩት ይስተካከላል።

«ተነሺና ጮክ ብለሽ አጥኚ» አልኳት።

«ቃሉን ከሰሙ ደግሞ…»

«ይስሙ! ቃሉን እነሱ ወለዱት? ባለቤቱ ሽንኩርቱ ነው። በእንግሊዝኛ ያልገባሽን ለእኛ በአማርኛ አስረጂን፤ እኛ ከገባን አንቺ ገብቶሻል ማለት ነው።»

እንዲህ ሆነ ጥናቱ። ጣቷን ከጣሪያው በሚንጠባጠበው ውሃ እየነከረች ሲሚንቶው ላይ ትስላለች፤ ስትጨርሰው ይደርቃል፣ ሌላ ትስላለች። ህዋስ ዙሪያውን ስስ ሽፋን አለው አለችን፤ የሚጠቅመውን መርጦ ያስገባል፣ የማይጠቅመውን አያስገባም።

«ከዚህ ጣቢያ በር ይሻላል በይኛ!» አለች ነጋዴዋ። «ይሄ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያስገባው።»

ኃይል የሚያመነጭ ክፍልም አለው አለችን። «እንደ ቦንጋ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል?» አለቻት ነጋዴዋ። «እሱማ ድርግም ካለ ሞት ነው» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

ከሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሰው የሚጀምረው ከሁለት ህዋስ ነው አለች፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። ሁለቱ ይዋሃዱና አንድ ይሆናሉ። በየኒውክለሱ ውስጥ የዘር መመሪያ አለ፤ ከእናት ግማሽ፣ ከአባት ግማሽ።

«እኩል?»

«እኩል እማማ።»

«መጽሐፉ ላይ አለ? አንቺ ያልሽው አይደለም?»

«መጽሐፉ ላይ አለ። ፈተና ላይም ይመጣል።»

ባሌ ሲሞት ወንድሙ፣ ሴት ልጅ ኮቦ አትወርስም፣ ዘር የሚቆጠረው በአባት ነው ብሎ ልጄን ከአባቷ ጫካ ሊያስወጣት ስንት ዓመት ተሟገተኝ። እኔ የምመልስለት አጥቼ ሳይሆን የሚሰማኝ አጥቼ ነው የኖርኩት። ልጅቷን ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኳት። ደግማ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ስሜ ተጠራ። መርማሪው ቢሮ ስገባ፣ ይኸው የባሌ ወንድም ከሌላ ሽማግሌ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። መርማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ። ሰው አክባሪ ነው። ቢሰድበኝ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

«ይቀመጡ እማማ። እርስዎን እዚህ ማቆየት እኛንም ደስ አይለንም። ሽማግሌዎቹ ዋስ ሆነዋል። በስሜት ነው የተናገርኩት ካሉ አሁኑኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

«በስሜት አይደለም የተናገርኩት» አልኩት። «በአማርኛ ነው።»

የባሌ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ በስሜት ነው በይና እንሂድ። ዝናቡ ሊመጣ ነው።»

«የእኔ ይቆይ» አልኩ። «ያቺ ተማሪ ነገ ጠዋት ፈተና አላት። ያሳሰራት ትምህርቷ ነው። ህዋስ ማለት እኮ…»

መርማሪው እጁን አነሣ።

«አውቃለሁ እማማ። ባዮሎጂ ነው። እኔም ተምሬዋለሁ። ሽንኩርቱንም አይቼዋለሁ።» ብሎ ፈገግ አለ፤ የድሮ የክፍል ጓደኛውን እንዳስታወሰ ሰው።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የያዝኩት ንዴት ትንሽ ነበር። አለማወቅ ነው ብዬ ለአለማወቅ የሚበቃውን ያህል ነው የተናደድኩት። ለካ ያውቃል። ቃሏን አንብቦ፣ ሽንኩርቱ ገብቶት፣ ምናልባትም ስቆ፣ መልሶ አስቀምጦታል። 

«ካወቅክ ለምን አትፈታትም?»

«ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። ህዋስ ተብሎ የሄደን ነገር አሁን ሽንኩርት ነው ብል ማን ነው የሚጠየቀው? መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

«ፈተናውስ ይጠብቃታል?»

«እሱ እንግዲህ የኮሌጁ ጉዳይ ነው።»

«የኮሌጁ ጉዳይ ነው? ልጅቷ ያለችው ኮሌጁ ውስጥ ነው ወይስ አንተ ዘንድ?»

ፊቱ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

«ጥሩ» አልኩት። «እንግዲያው በፖሊስ አጅባችሁ ውሰዷት። ፈርሞ የሚረከባት ካለ ይፈርም፣ ከሌለ በሩ ላይ ቁሙ። ሳትታሰር አትሄድም ካላችሁ ግራ እጇን እሰሩት፤ በቀኟ ትጽፋለች።»

ሌላኛው ሽማግሌ ሳቀና መርማሪውን አይቶ ሳቁን ዋጠው። መርማሪው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ።

«እጠይቃለሁ» አለ። «ቃል አልገባልዎትም፤ ግን እጠይቃለሁ።»

«እኔም መልሱን እዚሁ እጠብቃለሁ።»

የባሌ ወንድም ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «አብደሻል? ተፈትተሽ አልወጣም ትያለሽ? ሰው ምን ይለናል?»

«ዋሽተሽ ውጪ ነው የተባልኩት እንጂ ተፈታሽ አልተባልኩም» አልኩት። «ደግሞ አንተ፣ ሰው ከእናቱም ከአባቱም እኩል እኩል ነው የሚወስደው። መጽሐፍ ላይ አለ። ሂድና ጠይቅ።»

ምን እንደምል አልገባውም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ይህን የጻፍኩት ጀግና ለመባል አይደለም። ተናድጄ ነው። ባልናደድ ኖሮ ቤቴ ገብቼ እግሬን በሞቀ ውሃ እታጠብ ነበር።

ክፍሉ ስመለስ ነጋዴዋ ራሷን ያዘች። «ተመለሱ እትዬ? እኔን ቢለቁኝ ጫማዬን ሳላደርግ ነበር የምሮጠው!» ለልጅቷ፣ እጠይቃለሁ ብሏል አልኳት። ከዚያ ትንሽ አስቤ፣ ባዮሎጂ መሆኑን ያውቃል አልኳት። አለመንገር መደበቅ መሰለኝና ነው የነገርኳት።

«ያውቃል?» አለች። ፊቷ የተለወጠው ያኔ ነው። 

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ በጆግ ውሃ ፊቷንና እግሯን ታጠበች። ነጋዴዋ ጸጉሯን አበጠረችላት፤ የራሷን ነጠላ አራግፋ አለበሰቻት። «እንደዚህ ሆነሽ ፈተናውን ሳይሆን ፈታኙን ነው የምትጥይው» አለቻት። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆመች። ከላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በመንገዱ በኩል ናት፤ ተማሪዎች እየተሳሳቁ፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ ወደ ኮሌጁ ሲወጡ ይሰማናል። አንዱ ጮክ ብሎ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ልጅቷ ከበሩ ወዲህ ሆና መልሱን በከንፈሯ ታርማለች።

ጠባቂው ቁርስ ሲያስገባ ጠየቅኩት። የመጣ ነገር የለም አለ። ቆይቼ በሩን ደበደብኩ። የመጣ ነገር የለም አለ። መርማሪውስ? ለስብሰባ ወጥቷል። መንገዱ ጸጥ አለ። ተማሪዎቹ ሁሉ ገቡ።

ልጅቷ ነጠላውን አወለቀች፤ አጣጥፋ ለነጋዴዋ መለሰችላትና ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ አቅፌ አባብላት ነበር። ዝም ብላ የባልዲውን ጠብታ ታያለች።

«ልበሺው» አልኳት።

«ምኑን እማማ?»

«ነጠላውን። ተነሺ። ፈተናሽ ደርሷል።»

ያበድኩ መስሏት አየችኝ። ነጋዴዋም እንደዚያው። ካርቶኑን ከመሃል ጎትቼ ከግድግዳው በኩል ለብቻው አደረግኩት። ልጅቷን እዚያ አስቀመጥኳት፤ ነጋዴዋን ማዶ ጥግ አስቀመጥኳት። እኔ በሩ ሥር ቆምኩ። ተማሪ ቤት ስንፈተን አስተማሪያችን የሚቆመው በር ላይ ነበር።

«ይሄ ጨዋታ አይደለም» አልኩ። «ኮሌጁ አልመጣሽም ቢል፣ አልተፈተነችም ማለት እንዳይችል ነው። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ። ያላወቅሽውን አላውቀውም በይ። ጊዜሽን ውሰጂ።»

 ከዚያ ነጠላውን ለበሰች።

«ህዋስ ከየት ይወለዳል?» አልኳት።

«ከ…» ወደ በሩ አየች።

«አይሰማኝም።»

«ህዋስ ሁሉ ከእሱ በፊት ከነበረ ህዋስ ይወለዳል» አለች፤ በሙሉ ድምፅዋ። ጣቢያው በሙሉ ሳይሰማት አልቀረም።

እንዲህ እያልን ቀጠልን። ሽፋኑን ጠየቅኳት፣ ኃይሉን ጠየቅኳት፣ የእናትና የአባቱን ጠየቅኳት። የነገረችን ሲያልቅብኝ ራስሽን ጠይቂና መልሺ አልኳት፤ በእንግሊዝኛ ትጠይቅና በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እኔ ቃሉ ባይገባኝም ስታመነታ አውቃታለሁ። አንዱ ላይ ቆመች። ዕፅዋት ከብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚሠሩ የሚናገር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ጠፋባት። ነጋዴዋ ከጥጓ «ቅጠሉ! ቅጠሉን በያቸው!» ብላ አንሾካሾከች።

«ኩረጃ የለም!» ብዬ ጮህኩባት። «ደግሞ ከደገምሽ አስወጣሻለሁ!»

«የት ነው የሚያስወጡኝ እትዬ? እባክዎ ያስወጡኝ!» አለች። ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ፣ «ይሄን አላውቀውም፣ ይለፈኝ» አለች። አለፍነው።

ቁልፉ የተንቀጫቀጨው ያኔ ነው። ጠባቂው ጎልማሳ ነው፣ ከገጠር የመጣ፣ አማርኛው እንደ እኔው ሁለተኛ ቋንቋው ነው። በሩን ከፍቶ ጣቱን ወደ ልጅቷ ቀሰረ።

«አንቺ፣ ተነሺ! ቢሮ ጥረጊ!»

ልጅቷ ልትነሣ ጉልበቷን አጠፈች። እኔ ከበሩ አልተነቃነቅኩም። ያን ሰውዬ ከዚያ በፊት ሁሌም ያናገርኩት በአማርኛ ነው። አማርኛ ሲናገር ፖሊስ ነው፤ ትእዛዝ የተማረው በአማርኛ ነው። አሁን በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋችን አናገርኩት፤ የእናቴን ልጅ፣ የሰፈሬን ሰው እንደማናግረው፣ ድምፄን ሳልጨምር።

«ፈተና ላይ ናት» አልኩት። «ስትጨርስ ትመጣለች።»

«የምን ፈተና?» አለ እሱም በካፊኖኖ።

«የባዮሎጂ። በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው፤ ድምፅ ይረብሻታል።»

ልጅቷን አየ። ነጠላ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ማዶ ጥግ ነጋዴዋ አፏን በእጇ ይዛለች። ሰውዬው ምን እንዳሰበ አላውቅም። የያዘውን መጥረጊያ ከግድግዳው አስደገፈና በሩን ዘጋው። ቁልፉን ሲያዞር እንኳ አልተሰማም። ከዚያ እስክትጨርስ ድረስ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ከታች ባለው ክፍተት ጫማው ይታየኛል። ስትጨርስ እኔው በሩን አንኳኳሁና «ጨርሳለች» አልኩት። ራሷ ወጥታ ቢሮውን ጠረገች።

እኔን በማግስቱ ለቀቁኝ፤ በስሜት ነው አላልኩም፤ እነሱም መልሰው አልጠየቁኝም። ነጋዴዋ ቀድማኝ ወጥታለች። ልጅቷን ከብዙ ቆይታ በኋላ «ነፃ ነሽ» ብለው አሰናበቷት፤ ከምን ነፃ እንደሆነች አልነገሯትም። ኮሌጁ ኤፍ ሰጥቷት ጠበቃት። ታስሬ ነው ስትል ማስረጃ አምጪ አሏት። ጣቢያው ላልተከሰሰ ሰው ማስረጃ አንሰጥም አላት። እኔ ራሴ ከማንኪራ ወርጄ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ቆምኩ። «ማስረጃው እኔ ነኝ፣ አብሬያት ታስሬያለሁ፣ በሰዓቱ ተፈትናለች፣ የፈተንኳት እኔ ነኝ» አልኩት። ሰውዬው በትሕትና ሳቀልኝና «የሚቀጥለው» አለ። የሚቀጥለው ከኋላዬ የቆመው ነው።

ልጅቷ ዘንድሮ ያንኑ ኮርስ ከታናናሾቿ ጋር እየወሰደች ነው። ወንድሟ አሁንም እርሻው ላይ ነው። እሷ አትማረርም፤ ትምህርቱ ሁለተኛ ጊዜ ስለሆነ ቀለለኝ ትላለች። እሷ ባትማረርም ግድ የለም፤ የእሷን ድርሻ እኔ እማረራለሁ።

መርማሪውን በገበያ ቀን አገኘዋለሁ። ሰው አክባሪነቱ አልቀረም፤ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ እማማ» ይለኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አልለውም። «ዓመቷን መለስክላት?» ነው የምለው፤ ሰው በሰማበት፣ ጮክ ብዬ። ሌላ ቃል አልጨምርም። ዘመዶቼ ተይ ይሉኛል፤ ያለፈ ነገር ነው፣ ሰላምታ አይከለከልም፣ እሱም ታዞ ነው ይሉኛል። ሰላምታ ከልክዬ አላውቅም። ጥያቄ ነው ያለኝ፤ ይመልስና ሰላም እንባባላለን።

ባለፈው ቅዳሜ ከሩቅ አይቶኝ መንገዱን ተሻገረ። ሲሻገር ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ቆሜ አየሁት። ከዚያም በገበያው መሃል፣ ከመንገዱ ማዶ ድረስ እንዲሰማው አድርጌ ጠየቅኩት።